የወንድሜ ማርሚታ

ጥሩ ማርሚታ መኖሩ አይታወቅም። ከሞተሩ ተነስቶ በካቢናው ሥር አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ ቱቦ ነው፤ ጭሱን ሰው ወደሌለበት ወስዶ ይተፋል፣ በመሀል ላይ ድምፁን ያፍናል፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። የእኛ የጭነት መኪና ማርሚታ ግን አገር ያወቀው ነበር። ዳገት ላይ ያፏጫል፣ ቁልቁለት ላይ ያጓራል፣ ማርሽ ሲቀየር ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ይስላል። ከዶርዜ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች መኪናውን ገና ሳያዩት ሹፌሩን በስሙ ይጠሩት ነበር። ሹፌሩ ታላቅ ወንድሜ ነው።

እናታችን የምትኖረው ከዶርዜ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ኩርባ ከሚሠራበት ቦታ በላይ በኩል ነው። በቤቷና በመንገዱ መካከል የእንሰት ጓሮና የቀርከሃ አጥር አለ። ወንድሜ ከአርባ ምንጭ በቆሎና ጨው ጭኖ ሲወጣም ሆነ ድንችና አፕል ጭኖ ሲወርድ፣ ኩርባው ላይ ክላክሱን ነካ ያደርጋል። እሷ ግን ክላክሱን አትጠብቅም። ማርሚታውን ከሩቅ ሰምታ፣ የያዘችውን ጥላ አጥሩ ጋ ቆማለች። ጊዜ ካለው ይገባል፣ ከሌለው እጁን በመስኮት አውጥቶ ያልፋል። ይህን ቱቦ አስቀይረው ስንለው፣ «እሷ ታዲያ በምን ታውቀኛለች?» እያለ ያሾፍብን ነበር። የስንፍና ሰበብ ነው እል ነበር እኔ። አሁንም እንደዚያው ይመስለኛል፤ እንደዚያ ባልል ደግሞ ደስ ባለኝ።

ወንድሜ የሞተው ከመስቀል በፊት ነው። ምዕራብ ዓባያ ላይ ሙዝ ለመጫን ተራ እየጠበቀ ነበር። ዝናብ ነበር፤ ባትሪው ደክሞ ስለነበር ሞተሩን ካጠፋው ተገፍቶ ካልሆነ አይነሳለትም። ስለዚህ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ለወባ ትንኝ ብሎ መስኮቶቹን ዘግቶ፣ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ፍራሽ ላይ ተኛ። ጠዋት ጫኞቹ በሩን ቢደበድቡት አልነቃም። ልብ ነው ተባለ። ጤነኛ ሰው ነበር እኮ ስንል፣ ልብ አይታወቅም ተባልን። አመንን። ያላመነ ሰው ምን ያደርጋል?

በዚያው ሰሞን እናታችን አንድ ዓይኗን የሞራ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከአርባ ምንጭ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር። ሐኪሟ ስትሸኛት እኔ ነበርኩ አጠገቧ። ዓይኗን እንዳታሽ፣ ውሃ እንዳይነካት፣ ዝቅ ብላ ዕቃ እንዳታነሳ ነው የተነገረን። ስለ ለቅሶ የተባለ ነገር የለም። ለቅሶን የጨመሩት አጎቴ ናቸው። «ውሃ ካልተፈቀደ እንባ እንዴት ይፈቀዳል? ዓይኗ ይፈሳል» አሉ ዘመዱ በተሰበሰበበት። ሁሉም እውነት ነው አለ። እኔም ብያለሁ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰፈር ውስጥ የተጣላን አስታራቂ ናቸው፣ ለማንኛውም ሰው ችግር መፍትሔ አያጡም። እወዳቸዋለሁ። ነገር ማቆየት የሚችሉትን ያህል ነገር መጨረስ ቢችሉ ኖሮ ደግሞ የበለጠ እወዳቸው ነበር።

መርዶ እኛ ጋ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ይመረጣል፤ ሰሚው የታመመ ሰው ከሆነ እስኪያገግም ይጠበቃል። በዚህ አላፍርም፣ ደግ ነገር ነው። ክፋቱ፣ መጠበቅ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያው የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ወንድሜን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቀበርነው። የእናቴ ጎረቤቶች ከደጋ ወርደው ቀበሩት፣ ድንኳን ተቀመጡ፣ አልቅሰው ተመለሱ። ሴቶቹ ጥቁር ልብሳቸውን ቀርከሃው ሥር እየለወጡ ነበር ወደ እናቴ ቤት የሚገቡት። ከአንድም ሰው አፍ አላመለጠም። ዓይኗ ዳነ፤ ሁለተኛው ዓይን ይቀራል ተባለ። የሁለተኛው ቀጠሮ ተላለፈ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሠርግ መጣ፣ በሠርግ መሀል መርዶ አይሆንም ተባለ። ከዚያ ድንች መትከያ ደረሰ።

መኪናው ግን መቆም አይችልም ነበር፤ ከሱ የሚበላ ብዙ ቤተሰብ ነው። እኔ ያን ጊዜ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። አጎቴ ጠርተው «አንተ ያዘው» አሉኝ፣ ያዝኩት። መጀመሪያ ወደ ጨንቻ የወጣሁ ቀን ስለ እናቴ አላሰብኩም፤ ዳገቱ ቀልድ አይደለም፣ ሐሳቤ ሁሉ ማርሹ ላይ ነበር። ኩርባው ላይ ስደርስ ቀና ብል እናቴ አጥሩ ጋ ቆማለች። አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላው ሞራ ነው፣ እኔን ልታየኝ አትችልም። እጇን ወደ ድምፁ አነሳች። የእኔም እጅ ሳላዘው ሄዶ ክላክሱን ነካ።

ስመለስ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር፤ ደስ አላቸው። «ጌታ ነው መንገዱን የከፈተው» አሉ። «እንዲሁ እያደረግህ እለፍ። እስክንነግራት እፎይ ትላለች።»

እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰው ሆንኩ። በሥራ ቀን ወንድሜን ሆኜ በበሯ አልፋለሁ፤ ፋሻው ከተፈታ በኋላም ከአጥሩ ሆና በጉሙና በተዘጋው መስኮት ፊቴ አይለያትም፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በሰው መኪና ተሳፍሬ፣ ራሴን ሆኜ እገባለሁ። ስኳርና ሳሙና ይዤ «ከታላቄ ነው» እላታለሁ። ለምን እንደማይገባ ሰበቡን አጎቴ አዘጋጅተውልኛል፤ የትልቅ ድርጅት ጭነት ይዟል፣ ሰዓቱን ይቆጣጠሩታል። እናቴ ሰበቡን ሰምታ ታኮርፋለች።

«ስኳር አልጠየቅሁትም» ትለኛለች በጋሞኛ። «ፊቱን ነው የጠየቅሁት።»

«ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ።»

«ድሮም ሥራ ነበረው። ሚስት ደብቆ አግብቶ ከሆነ ንገረኝ። አትቆጣህም በለው።»

«እሺ።»

«ሹራቡንም ይልበስ በለው። ባለፈው ሲያልፍ መኪናው ሲያስል ሰማሁት፣ እሱም አሞት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።»

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ መንገድ ዳር ካለችው ድንጋይ ላይ እቀመጥና ትንፋሼ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ልጆቿን በድምፅ ለይታ የምታውቅ ሴት ፊት ተቀምጦ የሞተውን ልጇን ሥራ በዛበት ማለት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያለው ሰው ብቻ ነው። ማንም እንዲለው አልመኝም።

መልእክቶቿን ማድረስ ጀመርኩ።

ዳገቱ ሲጀመር ብርዱና ጉሙ ስለሚገባ መስኮቶቹን እዘጋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሴን ያመኛል፤ ድካም ነው እላለሁ። ከዶርዜ በላይ ስደርስ ሕመሙ ይለቀኝና ሌላ ነገር ይመጣል። ካቢናው ሰፋ ይላል። የመንገዱ ጠርዝ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሩቅ ይሆናል። ከጎኔ ያለው ወንበር ደግሞ ባዶ አይሆንም። ዞሬ አላየሁትም፤ ዞሮ ማየት እንደማይገባ ሰው ያውቃል። ወንድሜ ግን እንደ ልማዱ ጉልበቱን ወደ ፊት አስደግፎ ተቀምጧል፣ ማርሽ ሳዘገይ በምላሱ ጠጭ ያደርግብኛል።

«ሹራብህን ልበስ ብላሃለች» እለዋለሁ።

መልስ የለም። በሕይወቱም ወሬ አይወድም ነበር። ሚስት ደብቀሃል ወይ ብላሃለች ስለው ግን በአፍንጫው ሲስቅ ይሰማኛል። ስለ ድንቹ ዋጋ፣ ስለ አጎቴ፣ ስለ ሁለተኛው ዓይን እነግረዋለሁ። አንዳንዴ እከራከረዋለሁ፤ አንተ ሞተህ ተገላገልክ፣ ውሸቱ የኔ ሆነ እለዋለሁ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሞተ ሰው ካቢና ውስጥ አይሳፈርም፤ ከተሳፈረም እሱ ሳይሆን ጠላት ነው ይባላል፣ ይጸለይበታል። ስለዚህ ለማንም አልተናገርኩም። እንዲጸለይበት አልፈለግሁማ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ በኋላ ግን መናፈቅ ጀመርኩ። ቁልቁለቱን ጨርሼ ሜዳው ላይ ሙቀቱ ሲቀበለኝና መስኮቱን ስከፍት ይሄዳል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሜዳውም ላይ መስኮቱን ሳልከፍት እያላበኝ የምነዳበት ቀን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት በቆሎ ጭኜ ስወጣ፣ የመኪናውን በር የሚደበድብ ሰው ቀሰቀሰኝ። መኪናው ቆሟል፤ ግራ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ አፍንጫው ለመንገዱ የተቆረጠውን የተራራ አፈር ተደግፏል። ቀኙ ገደል ነው። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም፣ መተኛቴንም አላውቅም። ሰውየው እንጨት ተሸክሞ የሚወርድ ገበሬ ነው። በሩን ከፍቶ ጎትቶ አወረደኝና ሣሩ ላይ አስቀመጠኝ። አስመለሰኝ። ከንፈርህ ጠቁሯል አለኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ወንድሜ ቀኙ በኩል ተቀምጦ ነበር፣ ወድቆ ይሆን ብዬ ነው የደነገጥኩት።

ሲቀላ ውስጥ ማርሚታ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። አባታቸው ከስልጤ ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ሱቁን ለወንድሞቻቸው ትተው ብየዳ ያዙ። መኪናውን መስኮት ከፍቼ በቀስታ አውርጄ ጋራዣቸው አስገባሁት። ጋሼ ካቢናውን ወደ ፊት ደፍተው ሥሩን በባትሪ ማየት ጀመሩ። ቱቦው ሞተሩን ከለቀቀ በኋላ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ወንድሜ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ በሽቦ ጠምጥሞበታል፤ ቆርቆሮው ራሱ ተበልቷል። ከበላዩ ያለው የካቢናው ወለል ዝጎ ተበስቷል፣ የማርሹ እጅ የሚገባበት ጎማም ተቃጥሎ አልቋል። ካቢናውን መለሱና ውስጥ ገብተው ፍራሿን አነሱ። ሥሯ ጥላሸት ነው።

«ይህ የዚህ ሰሞን ጭስ አይደለም» አሉኝ። «ካንተ በፊት ማን ነበር የሚነዳው?»

«ወንድሜ።»

«እዚህ ላይ ይተኛ ነበር?»

«ይተኛ ነበር።»

ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ኢና ሊላሂ» አሉ ለራሳቸው፣ ሌላ አልጠየቁም።

«ልብ ነው ብለውን ነበር ጋሼ።»

«ልብም ይሆናል ልጄ፣ አላህ ነው የሚያውቅ» አሉ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው። እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በዚያች ደቂቃ እናቴ በዓይነ ኅሊናዬ መጣችብኝ፤ አጥሩ ጋ ቆማ እጇን የምታነሳው፣ ልጄ መጣልኝ ብላ የምትመርቀው፣ ልጇን ለበላው ነገር ነው። እኛ ደግሞ እሷን እናስደስት ብለን ያንኑ ነገር ጠብቀን አቆየንላት። ጋራዡ በር ላይ ተቀመጥኩ።

አጎቴ ወሬው ደርሷቸው ከሴቻ ወረዱ። ደህንነቴን ጠየቁ፣ ግንባሬን ዳሰሱ፣ ጌታን አመሰገኑ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«በብየዳ ብቻ አይሆንም? ባይቀየር ነው የምፈልገው። ድምፁ እንዳይለወጥ።»

ጋሼ ቀልድ መሰላቸው። እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ እናቴን፣ ዓይኗን፣ ኩርባውን። እጃቸውን አጣምረው ሰሙኝ።

«ድምፁ እኮ ቀዳዳው ነው» አሉ አጎቴን። «ቀዳዳውን ከደፈንኩት ድምፁ የለም። ድምፁን ከተውኩት ይህ ልጅ የለም። ከሁለቱ የፈለጉትን ይንገሩኝ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «የሁለተኛው ዓይኗ ቀጠሮ ደርሷል። እሷ ከሐኪም ቤት እስክትወጣ ድረስ መስኮት ከፍተህ...»

ቁጡ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፤ ለአጎቴ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። «አጎቴ» አልኳቸው፣ «ሁለተኛውን ዓይኗን የሚጠብቁት ሁለተኛውን ልጇን እስኪቀብሩ ነው?»

አጎቴ ያገኙት አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። «እህቴ እኮ ናት» አሉ። «ያሳደገችኝ እሷ ናት። ነገሩ ከኔ አፍ ሲወጣ ፊቷን ማየት ነው የፈራሁት። ዓይኑን ሰበብ አደረግሁት።» እንዲህ ሲሉኝ ንዴቴ በረደ። ሁላችንም ያን ፊት ነበር የፈራነው፤ እሳቸው ስላወጡት ብቻ ልንፈርድባቸው አንችልም።

ጋሼ ሥራ ጀመሩ። ከሞተሩ ጋር የሚያያዙት ቡሎኖች ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል፤ ዘይት እየጠጡ አደሩ፣ በማግስቱ በእሳት እየተሞቁ ተፈቱ፣ አንዱ ግን አንገቱ ተቆርጦ ቀረና በመሰርሰሪያ ወጣ። አሮጌው ቱቦ ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ ወረደ። ከአዲስ አበባ የመጣው አዲስ ቱቦ ኩርባው አልገጠመም ነበር፤ ጋሼ በዓይናቸው ለክተው ቆርጠው ደግመው በየዱት። ጭስ እንዳያመልጥ በሞተሩና በቱቦው መካከል የምትገባውን ጋርኒ ለወጡ፣ ድምፅ የሚያፍነውን ትልቁን በርሜል በአዳዲስ ጎማዎች ሰቀሉት፣ የካቢናውን ወለል በላሜራ ደፈኑት። እኔ መብራት ይዤላቸው ሥሩ ተጋድሜ ነበር። ሥራው ደስ ይላል፤ እጅን ያስይዛል፣ ሐሳብን አያስቀምጥም።

ሞተሩ ሲነሳ የሌላ ሰው መኪና መሰለኝ። ጋሼ መዳፋቸውን በየመገጣጠሚያው ላይ እያስጠጉ ጭስ ያመልጥ እንደሆነ ፈተሹ፣ ከዚያ ውጣ ነድተህ ሞክረው አሉኝ። ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት ይዤ ወጣሁ። መስኮቶቹን ሆን ብዬ ዘጋሁ። ራሴን አላመመኝም። ካቢናው አልሰፋም። ማርሹን ሆን ብዬ አዘገየሁት፤ ምላሱን ጠጭ የሚያደርግብኝ የለም። «ቀየርነው እኮ» አልኩ ጮክ ብዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሬ ጎኔን አየሁ። ወንበሩ ላይ የጋሼ የቆሸሸ ጨርቅ አለ። ጨርቁን አንስቼ ልጥለው ብዬ፣ መልሼ እዚያው ተውኩት። ወንበሩ ባዶ ከሚሆን ጨርቅም ይሻላል ብዬ ነው።

መርዶውን ለመንገር በዚያው ሳምንት ወጣን። ማለዳ ነበር። አጎቴና የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ካቢናው ውስጥ ከኔ ጋር ተቀመጡ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተነግሯቸው ኩርባው ጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቁናል። አጥሩ ጋ ማንም አልነበረም። ክላክስ አልነካሁም። መኪናውን አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ እንኳ ከቤቱ የወጣ ሰው የለም። እናቴ አልሰማችንም።

ሽማግሌዎቹ ቀድመው ገቡ፤ እኔን ከኋላ አደረጉኝ። እናቴ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ስትመለስ ግቢዋ በሰው ተሞልቶ አገኘችው። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሽማግሌ ደጅህ ላይ ቆሞ ስታይ የሚነገርህ ነገር የለም፣ ታውቀዋለህ። ቅጠሉ ከእጇ ወደቀ።

«የትኛው ነው?» አለች።

አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ። እሷም አልጠበቀቻቸውም። በዳነችው ዓይኗ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየሄደች ከሰዎቹ ትከሻ መሀል እኔን አገኘችኝ። ተመስገን የሚል ነገር በፊቷ ላይ ሲመጣ አየሁ፤ ወዲያው ደግሞ እኔ ካለሁ ማን እንደሌለ ገባት። አጎቴ የፈሩት ፊት ይህ ነበር። መፍራታቸው ትክክል ነበር።

«ባለፈው ሳምንት አልፏል እኮ» አለች። «ሰምቼዋለሁ። እጄን አንስቼለታለሁ።»

«እህቴ» አሉ አጎቴ፣ «ከመስቀል በፊት ነው።»

መስቀልን፣ ገናን፣ ፋሲካን በልቧ ስታልፋቸው ይታየኛል። «ታዲያ በበሬ የሚያልፈው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ እማዬ» አልኳት። «መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ።»

እንደማታውቀኝ አየችኝ። ጎረቤት ሴቶች ይህን ጊዜ ሙሾ አነሱ፣ ደረታቸውን መቱ። ወግ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ለቅሶው ያለቀበት ለቅሶ ነበር። ሲቀላ ድንኳን ውስጥ ከወራት በፊት ከልባቸው ሲያለቅሱት ሰምቻለሁ፤ ይህ ያ አይደለም። እናቴም ለየችው። እጇን ወደ እነሱ ዘረጋች።

«ተዉት» አለች። «እናንተ ጨርሳችኋል። ዓይናችሁ ደርቋል እኮ፣ አየዋለሁ። ሁላችሁ አልቅሳችሁ ስትጨርሱ ነው የነገራችሁኝ። ልጄን እኔ ብቻዬን ላልቅሰው ነው?»

መጋቢው መጽሐፉን እንደያዘ ቀረ። አጎቴ አጥሩን ተደግፈው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። እናቴ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያለችው ሰሌን ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። አላለቀሰችም። ከየት እንደሚጀመር የጠፋት ትመስላለች።

በሰዎቹ መሀል አልፌ ፊቷ ቆምኩ። ልላት የመጣሁት ብዙ ነበር፤ ይቅርታ፣ ዓይንሽን ብለን ነው፣ እንዲህ አስበን ነው። አንዱም አልመጣልኝም። በቀብሩ ዕለት ሬሳ ያመጣሁት፣ ድንኳን ያስተከልኩት፣ እንግዳ ያስተናገድኩት እኔ ነኝ፤ ለማልቀስ አልተቀመጥኩም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወንድሜ በየዳገቱ ከጎኔ ነበር፤ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ማን ያለቅሳል?

«እኔም አልጀመርኩም እማዬ» አልኳት።

ቀና ብላ በዳነችው ዓይኗ ፊቴን ለረጅም ጊዜ መረመረችው። ከዚያ ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ አለችልኝ።